ከመጋቢት እስከ ሰኔ፦ የጓሮ ዓሣ ኩሬ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ስለ ጋይንት ሲነሳ የቤተልሔምና የዙር አምባ ጉባኤ ቤቶች፣ ድጓና ዝማሬ ይነሳሉ። ስለ ስማዳና ስለ ታች ጋይንት ሲነሳ ደግሞ የዝናብ እጥረትና ሴፍቲኔት ይቀድማሉ። ዓሣን ከእነዚህ ወረዳዎች ጋር አያይዞ የሚያወራ ሰው ብዙም አያጋጥምም፤ ዓሣ የጣና ዳር ሰው ሀብት፣ የፎገራና የደራ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ ዓሣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከማር ጋር በአንድ ረድፍ ተሰልፏል። በጓሮ ኩሬ ዓሣ ማርባት የሚለው ሐሳብ አጠገቡ ሐይቅ ከሌለው፣ ከጉና ተራራ ምሥራቅና ደቡብ ካለው አገርም ይደርሳል። ሲደርስ ምን ይጠብቀዋል? የኩሬው ዕድል የሚወሰነው ጫጩቶቹ በሚረከቡበት ቀን እንዳልሆነ አምናለሁ። የሚወሰነው በጸደይ ነው፤ ውሃው ከሁሉ በሚያንስበት፣ ሙቀቱ ከሁሉ በሚበረታበት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ብቻ በሚቀሩበት ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ።

ኩሬ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በአማራና በትግራይ ገጠር ትልቅ የውሃ ማቆር ዘመቻ ተካሂዶ በየገበሬው ደጃፍ ጉድጓድ ተቆፍሯል። አንዳንዱ በላስቲክ፣ አንዳንዱ በሲሚንቶ ተለበጠ፤ ሌላው በሸክላ አፈር ተደምድሞ ተተወ። ዓላማው ዓሣ አልነበረም፤ ክረምት የወረደውን ውሃ ለበጋ ማሳደርና ሽንኩርትና ጌሾ ማጠጣት ነበር። ብዙዎቹ ኩሬዎች ግን ከጥቂት ዓመታት በላይ አላገለገሉም። ላስቲኩን ፀሐይ አደረቀው፣ የከብት ኮቴ ቀደደው፤ ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፤ ያልታጠረው ኩሬ ለሕፃናት አደጋ ሆነ፤ የቀረውን ደለል ሞላው። ያን ጊዜ የተቆፈረው ጉድጓድ ተቆጥሮ በሪፖርት ሲቀርብ፣ በየዓመቱ ደለል የሚጠርገው ማን እንደሆነ የተነጋገረ አልነበረም። የዓሣ ኩሬ ይህንኑ ታሪክ የሚወርስ ከሆነ ውጤቱም ያው ይሆናል፤ እንዲያውም ይብሳል። ውሃ የጎደለበት ሽንኩርት ይጠወልጋል፤ ውሃ የጎደለበት ዓሣ ግን በአንድ ሌሊት አልቆ ያድራል።

ከሁሉ በፊት የውሃውን ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ከመስከረም 30 እስከ ሚያዝያ 30 ያለው ጊዜ 210 ቀን ነው። በበጋ ፀሐይ ከተገለጠ ኩሬ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይተናል ብንል፣ በእነዚህ ወራት ውስጥ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ወደ መሬት የሚሰርገው ገና አልተቆጠረም። በመስከረም ማብቂያ 1 ሜትር ተኩል ጥልቀት የነበረው ኩሬ በሚያዝያ 45 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል ማለት ነው። ዓሣ ግን ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ የወፍ መጫወቻም ይሆናል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ መሆን አለበት፦ ኩሬው 2 ሜትር ይጠልቃል፣ ወይም በበጋ የማይደርቅ ምንጭ ወይም የመስኖ ቦይ ይደርሰዋል፣ ወይም ዓሣው ውሃው ሳይጎድል ተለቅሞ ያልቃል። በእነዚህ ወረዳዎች ለአብዛኛው ገበሬ የሚያዋጣው ሦስተኛው ይመስለኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው የከፍታ ነገር ነው፤ ብዙ ዕቅድ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የጣና ውሃ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,790 ሜትር ግድም ይገኛል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ነው፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ነፋስ መውጫ ከጣና ዳር በ7 ወይም በ8 ዲግሪ የቀዘቀዘ አገር ነው ማለት ነው። በአገራችን በብዛት የሚረባው ቀረሶ፣ ሌላው አገር ቲላፒያ የሚለው፣ ደህና አድርጎ የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ከ20 በታች ሲወርድ ምግቡ ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሲጠጋ መብላት ያቆማል፤ ከ12 በታች ይሞታል። ወሎ ውስጥ ሐይቅ በሚባለው ሐይቅ ላይ ቀረሶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሌላ ቦታ መጥቶ ተለቆ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ ያ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ እጅግ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ዓሣው ቢኖርለትም አያድግለትም። ላይ ጋይንት ደጋው ላይ ለሚኖር ገበሬ የቀረሶ ጫጩት መስጠት ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ነው።

ብርዱ ብቻ አይደለም። ከፍታ የአየሩን ግፊት ስለሚቀንስ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል። 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 2,500 ሜትር ላይ ከ7 ሚሊ ግራም በታች ነው የሚይዘው። ቆላ ላይ ያለ ኩሬ የሚችለውን ያህል ዓሣና እበት የደጋው ኩሬ አይችልም።

ወደ በሽሎና ወደ አባይ የሚወርደው የስማዳና የታች ጋይንት ቆላ ለቀረሶ የሚመች ሙቀት አለው፤ የሚጎድለው ውሃ ነው። ደጋው ውሃ አለው፤ የሚጎድለው ሙቀት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በመካከል ባለው ወይና ደጋ፣ ምንጭ በሚፈልቅባቸውና የመስኖ ቦይ በተዘረጋባቸው ቦታዎች ነው። ቀበሌ የሚመርጥ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ሰቅ በካርታ ላይ ማውጣት አለበት። ደጋው ደግሞ ብርድ ውሃ ከወደደ ለምን ትራውት አይገባበትም የሚል ሊኖር ይችላል፤ ባሌ ውስጥ በዌብና በዳንካ ወንዞች ከኬንያ የመጣ ትራውት መኖሩ እውነት ነው። ትራውት ግን ሁልጊዜ የሚፈስ፣ ንጹሕና ኦክስጅን የሞላው ውሃ ከብዙ ፕሮቲን ጋር ይሻል፤ በጓሮ የቆመ ኩሬ ውስጥ አይኖርም።

አሁን ወደ ጸደዩ ሥራ እንግባ። መጀመሪያው ዓሣውን ማውጣት ነው፤ ይህም ከሑዳዴ ጋር ይገጥማል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ በከተማ ገበያ ግን የዓሣ ፈላጊ የሚበዛው በሑዳዴ ነው። ውሃው በየካቲትና በመጋቢት ሲጎድል ዓሣው በመረብ ለመሰብሰብ ቀላል ይሆናል። ለጾሙ ያልተሸጠው በፋሲካ ለቤት ይሆናል፤ ትንንሹ ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በገመድ ላይ ቢሰቀል ቋንጣ ይወጣዋል። ቀረሶ በየጊዜው እየወለደ ኩሬውን በጣት የሚያህል ዓሣ ስለሚሞላው፣ የዘንድሮን ጫጩት ለከርሞ አስቀምጦ ማለፍ ክፉ ልማድ ነው። ኩሬው እስከ ታች ይለቀም።

ከዚያ ባዶው ኩሬ ፀሐይ ይመታዋል። ጭቃው ደርቆ ስንጥቅ እስኪያወጣ፣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ መተው አለበት። ይህ ሲሆን የበሰበሰው ነገር አየር ያገኛል፣ የጥገኛ ተውሳክ ዕንቁላል ይሞታል፣ ከጭቃ ውስጥ የተደበቀ አምባዛም ይወጣል። አምባዛ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ብዙ ቀን ሊቆይ ስለሚችል ሳይታይ ከቀረ በሚቀጥለው ዓመት የሚገባውን ጫጩት ሁሉ ይበላዋል። ጥቁሩ ጭቃ ተዝቆ ለጎመን፣ ለነጭ ሽንኩርትና ለጌሾ መደብ ይውላል፤ ከደለል ጠረጋ ጥቅም የሚያገኝ ገበሬ በየዓመቱ ለመጥረግ ልቡ ያነሳሳዋል። ኩሬውን ከመነሻው የሽንኩርት መደብ አጠገብ መቆፈር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ግድቡ በዚሁ ሰሞን ዙሪያውን በእግር እየተረገጠ ይፈተሽ። ፍልፈል የደጋው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጠላት ነው፤ የቆፈረው ጉድጓድ በበጋ ብዙም አያስጨንቅም፤ ሐምሌ ውሃው ሲሞላ ግን በዚያው በኩል ግድቡ ይከፈታል። ጉድጓዱ ቀዳዳውን ተከትሎ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ እርጥብ ሸክላ እየተጨመረ በወፍራም እንጨት መጠቅጠቅ አለበት፤ ከላይ አፈር መልሶ መርገጥ ብቻ ራስን ማታለል ነው። በግድቡ ላይ ሣር ይብቀል እንጂ ዛፍ አይተከል፤ ሥሩ ሲበሰብስ ውሃው መንገድ ያገኛል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ውሃውን ከመምጠጡ በላይ ቅጠሉ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ብርብራ በአካባቢው ካለ በጣም መጠንቀቅ ይገባል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣ እንደሚያሰክር ከጣና ገባር ወንዞች ዳር ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከቦይ ዳር የቆመ የብርብራ ዛፍ የኩሬ ጎረቤት መሆን የለበትም።

ኖራው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ለአሲዳማ ማሳ የሚከፋፈለው የእርሻ ኖራ ለኩሬም ይሠራል፤ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ፣ በደረቀው ወለልና በጎኖቹ ላይ ይነሰነሳል። ኖራና እበት በአንድ ቀን አይገናኙ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት በመካከላቸው ይለፍ፤ አለዚያ የእበቱ ጥቅም አየር ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ባለ ኩሬው የሚደሰትበትም የሚፈራበትም ሰዓት ነው። የበልጉ ወይም የሰኔው የመጀመሪያ ጎርፍ ከርሞ የደረቀውን ማሳና የከብት መዋያውን ጠርጎ ነው የሚመጣው። ያ ጎርፍ በቀጥታ ኩሬው ውስጥ ከገባ ወለሉን በደለል ይሞላል፤ ውሃ የቀረበት፣ ዓሣ ያለበት ኩሬ ከሆነ ደግሞ የገባው ቆሻሻ ሲበሰብስ ኦክስጅኑ አልቆ ዓሣው ንጋት ላይ ሆዱን ገልብጦ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ጎርፎች በማስቀየሻ ቦይ ወደ ውጭ ይለፉ። ቀጥሎ የሚመጣውም ቢሆን ከኩሬው በፊት በተቆፈረች ትንሽ የደለል ጉድጓድ ውስጥ አርፎ፣ አሸዋና አፈሩን ጥሎ፣ በወንፊት ተጣርቶ ይግባ። ይህች የደለል ጉድጓድ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ናት፤ ኩሬውን ከዘለቄታው የሚያድን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም። እሷም በየዝናቡ ማግስት ካልተጠረገች ፋይዳ የላትም።

ውሃው ከገባ በኋላ አረንጓዴ መሆን አለበት። አረንጓዴነቱ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ናቸው፤ ለቀረሶ ዋነኛው ምግብ እነሱ ናቸው፤ ቀን ኦክስጅን የሚሰጡትም እነሱ ናቸው። መለኪያው ክንድ ነው። እጅን እስከ ክርን ውሃ ውስጥ አግብቶ መዳፍን መመልከት፤ ክርን ሳይደርስ መዳፉ ከጠፋ ውሃው ከመጠን በላይ ወፍሯል፣ እበት ይቁም። ክርን አልፎም መዳፉ ፍንትው ብሎ ከታየ ውሃው ርቦታል። ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት እስከ 10 ኪሎ ደረቅ እበት የተለመደ መጠን ነው። በእነዚህ ወረዳዎች ግን እበት ሥራ ፈት አይደለም፤ ማገዶ በጠፋበት አገር ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሚስት ለእንጀራ የምትፈልገውን ኩበት ለኩሬ ስጡ የሚል ምክር ከቤቱ እናት ጋር ሳይመከር መሰጠት የለበትም። የዶሮ ኩስ ያለው ቤት ይቀለዋል፤ ኩስ በትንሹም ብዙ ይሠራል፣ ምድጃም አይጠይቀውም።

ውሃው ከመጠን በላይ ሲወፍር ጠዋት ጠዋት ይታወቃል። ዓሣዎቹ ንጋት ላይ በብዛት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን በውሃው ፊት ላይ ከፈት ከደን ካደረጉ ኦክስጅን አጥተዋል፤ ሌሊት ዕፅዋቱም ጭምር ስለሚተነፍሱ ከሁሉ የሚያንሰው ጎህ ሲቀድ ነው። ያን ቀን ምንም አይጣልባቸው፤ ንጹሕ ውሃ ይጨመር፤ ካልተገኘም ከኩሬው በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

ምግቡን በአጭሩ ልለፈው። በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ ቢገባ 100 ካሬ ሜትር ኩሬ 200 ዓሣ ይይዛል። እያንዳንዱ 100 ግራም ሲደርስ ጠቅላላው 20 ኪሎ ይሆናል፤ የክብደቱን 3 በመቶ ቢበላ በቀን 600 ግራም ነው። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተቀላቅሎ፣ ከጠላ አተላ ጋር ተለውሶ ይበቃል። በጥሩ ዓመት ከእንዲህ ያለ ኩሬ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ዓሣ ቢገኝ ተሳክቷል እላለሁ። ይህ ቤተሰብን ከድህነት አያወጣም፤ ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ ለሚቀምሱ ልጆች ግን ብዙ ማለት ነው። ኩሬን በሀብት ስም መሸጥ ሰውን ያስቆጣል፤ በልጆች ምግብነት ማቅረብ እውነት ነው።

ቀረሶ ለደጋ ስለማይሆን ብርድ የሚችለውን ዱባ ዓሣ ማምጣት አለብን የሚል ሐሳብ ሲነሳ ይሰማል። በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። የእስቴ አንዱ ክፍል ውሃውን ወደ ጉማራ ያወርዳል፤ ጉማራ ጣና ይገባል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ጠጠር ወጥተው ይራባሉ። ዱባ ዓሣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ወለል እየቆፈረ ውሃ የሚያደፈርስ ዓሣ ነው። ሐምሌ ላይ ግድቡ የፈረሰ አንድ ኩሬ ይህን ዓሣ ወደ ጣና ሊያደርስ ይችላል። እንዲያውም ጉማራ ላይ አሸዋ ማውጣትና ብርብራ መበተን በቂ ጉዳት እያደረሱ ነው። ከጣና ጫጩት የሚያመጣም ውሃውን በደንብ ይመልከት፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታወቀው እምቦጭ ከጫጩቱ ጋር በአንዲት ቅንጣት ሥር ተሸሽጎ እስቴ ኩሬ ውስጥ መግባቱ የማይታሰብ አይደለም።

ስለ ወባ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ1999 እ.ኤ.አ. ከትግራይ የታተመ ጥናት ከትንንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ለስማዳና ለታች ጋይንት ቆላ ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ከምዕራብ ኬንያ፣ ከኪሲ ደጋማ አካባቢ የወጣ ጥናት ቀረሶ በተለቀቀባቸው ኩሬዎች የወባ ትንኝ እጭ ከ94 በመቶ በላይ መቀነሱን መዝግቧል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሦስተኛ ጥናት አለ፤ በዓመቱ፣ እዚያው ምዕራብ ኬንያ ውስጥ፣ ተትተው ሣር የወረሳቸው የዓሣ ኩሬዎች ከተያዙት ይልቅ ብዙ የወባ ትንኝ ሲያፈሩ ተገኙ። የተያዘ ኩሬ ወባን ይቀንሳል፤ የተተወ ኩሬ ወባን ያረባል። ስለዚህ የዳር ሣር ማጨድ ከጤና ሥራ የሚቆጠር ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ኩሬውን ማየት አለባት።

ኬንያ ሌላም ትምህርት አላት። በ2009 እ.ኤ.አ. መንግሥቷ በ140 የምርጫ ክልሎች፣ በእያንዳንዱ ክልል እያንዳንዳቸው 300 ካሬ ሜትር የሚሆኑ 200 የዓሣ ኩሬዎችን በአንድ ጊዜ አስቆፈረ። ምርቱ ለጥቂት ዓመታት አደገ፤ ድጎማው ሲቆም ግን ብዙ ኩሬ ተተወ። መኖና ጫጩት በሌሉበት፣ ባለሙያ በማይመላለስበት ቦታ ጉድጓዱ ብቻውን ቀረ።

ለእኛ ወረዳዎች ጫጩት የሚመጣው በዋናነት ከባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ሲሆን፣ አገራዊው ማዕከል ሰበታ ነው። መንገዱ በወረታና በደብረ ታቦር አልፎ ነፋስ መውጫ ይደርሳል፤ ወደ ታች ጋይንቷ አርብ ገበያና ወደ ስማዳዋ ወገዳም ይወርዳል። በላስቲክ ከረጢት ኦክስጅን ተሞልቶ የሚሄድ ጫጩት ይህን መንገድ መቻል አለበት፤ ሲደርስም ከረጢቱ ሳይፈታ ከሩብ ሰዓት በላይ በኩሬው ላይ ተንሳፎ ሙቀቱን ካልተላመደ ይሞታል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የባለሙያን እግር አሳጥሯል። በዚህ ጊዜ ሁሉን ነገር ከባሕር ዳር የሚጠብቅ ኩሬ አይዘልቅም።

ስለዚህ ወረዳዎቹ ለኩሬ የሚመድቡት ገንዘብ አወጣጡ ቢለወጥ እመርጣለሁ። ለብዙ ቤት ጫጩት በአንድ ቀን ከማከፋፈል ይልቅ፣ በወይና ደጋው ምንጭ ባለባቸው ጥቂት ቀበሌዎች ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ መጎተቻ መረብና አንድ ኩንታል የእርሻ ኖራ ይገዛ። መረቡ በአንድ ገበሬ ቤት ይቀመጥና በየካቲትና በመጋቢት ተራ በተራ ይዙር። ጫጩት የሚሰጠው በሰኔ ኩሬው ደርቆ፣ ተጠርጎ፣ የደለል ጉድጓዱ ተቆፍሮ ለታየ ሰው ብቻ ይሁን፤ ርክክቡም ጎርፉ አልፎ ውሃው ከጠራ በኋላ በመስከረም ማብቂያ ይሁን። በሚቀጥለው ሰኔ የልማት ሠራተኛው ሪፖርት ሲያቀርብ የሚጠየቀው ስንት ጫጩት እንደታደለ ሳይሆን፣ አምና ከተሠሩት ኩሬዎች ስንቱ ዘንድሮም ደለላቸው እንደተጠረገ ይሁን።